ቁራው የሰማው ቃል

ዋይ፣ ጁን 4 ቀን 1964

ናርሃሪ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከነድካሜ ይድረስህ። ደብዳቤህን ትናንት አገኘሁት። እንዴት ሰነበትሽ ላልከኝ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። የእማዬ አስከሬን ከቤት ከወጣ ዐሥራ አምስት ቀን ሆነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ንጋት ላይ በዐሥራ አንድ ሰዓት እየነቃሁ አሁን ትጠራኛለች ብዬ እጠብቃለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ "ጎዱ! ውሃው አልሞቀም?" እያለች ነበር የምትቀሰቅሰኝ። አሁን የሚቀሰቅሰኝ የለም፤ እንቅልፉም የለም።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ብዙ አልተሠቃየችም። ሦስት ቀን ምግብ እንቢ አለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጋንጅስ የመጣውን ውሃ በተቀደሰው የቱልሲ ቅጠል ከንፈሯ ላይ አደረግሁላት፤ ዋጠችና አረፈች። እሳቱን የለኮሰላት የአጎታችን የካካ ልጅ ሽሪዳር ነው። አባታችን ሲሞት ካካ የገዛ ወንድማቸው ሆነው ሳለ እሳቱን አልያዙም፤ የያዝከው አንተ ነበርክ፣ ገና በዐሥራ ሁለት ዓመትህ። ጎረቤቶቹ "ወንድ ልጅ ወልዳ በሌላ ሰው ልጅ እጅ ተቃጠለች" ሲሉ ሰምቻለሁ። ልወቅስህ ብዬ አይደለም። ፈቃድ ከከለከሉህ ምን ታደርጋለህ? ቴሌግራሙ በሁለተኛው ቀን ደርሶህ ስለነበር ለዐሥረኛው ቀን እንኳ ትደርሳለህ ብዬ በር በሩን ሳይ ነበር። ይሁን።

ስለ ቁራው ጠይቀኸኛል። ነክቷል። ቆይቶ ቢሆንም የዐሥረኛውን ቀን ሩዝ ነክቷል። ስለዚህ ሐሳብ አይግባህ፣ እማዬ መንገዷን ሄዳለች። ወንዶቹ ከወንዙ ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ረሃብ ፊታቸውን አጥቁሮት ነበር። የቀረውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ጣቴ ደከመኝ።

እህትህ ጎዳቫሪ


ካራግፑር፣ ጁን 19 ቀን 1964

የማከብርሽ ታይ፣

እግርሽን ነክቼ እጀምራለሁ። አንቺ ታላቅ እህቴ ነሽ፤ ብትወቅሺኝም መብትሽ ነው። እዚህ ያለው የባቡር ሥራ እንዴት እንደሆነ ብነግርሽ አታምኚኝም። ጸጉሬን ተላጭቻለሁ። ወንዝ ወርጄ ታጥቤ፣ የሚገባውን ሁሉ እዚሁ አድርጌያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ "አዲስ አምፖል መጣ" እያሉ ይቀልዱብኛል። ባለቤቴ ማላቲ ሰላም ትልሻለች። ሙቀቱ ከብዷታል።

አንድ ነገር ግን ዘለልሽብኝ። ቁራው ቆይቶ ነካ አልሽ። ምን ያህል ቆይቶ? ማንስ ምን ብሎት ነው የነካው? የአባታችን ዐሥረኛ ቀን ዛሬም ፊቴ ላይ አለ። ሩዙን በእጄ ጠፍጥፌ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። ቁራዎቹ የቤተ መቅደሱ ግንብ ላይ ተደርድረው ያዩናል፤ አንድም የሚወርድ የለም። ካህኑ "የቀረበት ምኞት አለ፤ ሳታገኙለት አይሄድም" ሲል እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ያኔ ካካ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ልጅህን አስተምረዋለሁ!" አሉ። አንዱ ወርዶ ነካው። ካካም ቃላቸውን ጠበቁ። እኔ መሐንዲስ የሆንኩት በዚያ ቁራ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለእማዬ የተባለውን ማወቅ እፈልጋለሁ። እባክሽ አትደብቂኝ።

ታናሽሽ ናርሃሪ


ዋይ፣ ጁላይ 5 ቀን 1964

ናርሃሪ፣

ዝናቡ ገብቷል። ጣሪያው ሁለት ቦታ ላይ ያፈሳል። ካካ ጉንፋን ይዟቸው ቤቱን በማስነጠስ ያናውጡታል። ደህና መሆን ይህ ከሆነ ደህና ነን።

ዘለልሽ ብለሃል። ዘልዬው ሳይሆን አቅም አጥቼ ነው የተውኩት። አሁን ልንገርህና ይውጣልኝ።

እኛ ሴቶች ወንዙ ዳር አንሄድም፤ ስለዚህ የምጽፍልህ ሽሪዳር የነገረኝን ነው። ሩዙን ያስቀመጡት ጠዋት በሁለት ሰዓት ነው። ቁራዎቹ መጡ፣ አዩ፣ ግንቡ ላይ ተቀመጡ። ካካ "የናስ ማሰሮዎችሽን ለጎዱ እንሰጣለን" አሉ። ምንም። "የሽሪዳርን ልጅ ደህና ቤት እንድራታለን" አሉ። ምንም። ካህኑ "ልጇን ፈልጋ ይሆናል" ሲል ሽሪዳር "ናርሃሪ ይመጣል! ለሙት ዓመትሽ ይመጣል!" ብሎ ጮኸ። ያኔ አንዱ ወረደ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየና ተመልሶ በረረ።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ካህኑ ርቦት ሣር መቁረጥ ጀመረ፤ በሣር ቁራ ሠርቶ ሊያስነካውና ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው። እናታቸውን በሣር ቁራ የሸኙ ሰዎች በዚህ ከተማ ምን እንደሚባሉ ታውቃለህ። ካካ ይህን ሲያዩ ተነሥተው "የወንድሜ ሚስት! ስለ ቤት አማልክትሽ አታስቢ! ጎዳቫሪ ከዚህ ቤት አትወጣም፤ እስክትሞት መብራታቸውን ታበራለች!" አሉ። ቁራው ወርዶ ከመሃል ነካው።

እኔ ይህን የሰማሁት ሲመለሱ ውሃ ሳቀርብላቸው ነው። ካካ እግራቸውን እየታጠቡ፣ ደስታ በደስታ ሆነው "ባንቺ ስም ነው የሄደችው፣ ታድለሽ!" አሉኝ። ውሃው አልቆ ባዶ ማሰሮ ማዘንበሌን የነገረኝ ሽሪዳር ነው።

አሁን ደግሞ እኔ የደበቅሁህ አለ። አናሱያን ታስታውሳታለህ፤ እንደ እኔ ልጅ ሆና ባሏ የሞተባት፣ ወንድሞቿ ግን ፑኔ ወስደው ያስተማሯት። አሁን እዚያው የሴቶች ትምህርት ቤት አዳሪዎቹን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ባለፈው ዓመት ጽፋ "ወጥ ቤቱንና ግምጃ ቤቱን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ፤ ነይ፣ ክፍል አለሽ፣ ከተማሪዎቹ ጋርም ማታ ማታ ትማሪያለሽ" አለችኝ። እማዬ እያለች አይሆንም ብዬ መለስኩላት። "እንግዲያው እጠብቅሻለሁ" አለች። እናቷ እስክትሞት የምትጠብቅ ሴት ምን ተብላ እንደምትጠራ አላውቅም። እኔ ግን ጠበቅሁ፤ ሩዝ ስለቅም፣ አልጋዋን ሳነጥፍ፣ ውስጥ ውስጡን ያንን ክፍል አስብ ነበር። አናሱያ ቦታውን እስከ ዳሴራ በዓል ይዛልኛለች፤ ከዚያ በላይ አትችልም።

ቁራ የመሰከረበትን ቃል ያፈረሰ ሰው ሟቹን ከመንገድ ይመልሳል ይባላል። ብወጣ እማዬ በዚያና በዚህ መሃል ቆማ ትቀራለች ማለት ነው። ብቀር ደግሞ የምቀረው እኔ ነኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ደክሞኛል፣ ናርሃሪ።

ጎዳቫሪ


ካራግፑር፣ ጁላይ 22 ቀን 1964

የማከብርሽ ታይ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በጣም አዘንኩ። ሆኖም ነገሩን በእርጋታ ማየት ይሻላል። አንደኛ፣ ቁራ ወፍ ነው፤ ሲርበው ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ካካ ሽማግሌ ናቸው፤ ያሉትን ያሉት በክፋት አይደለም። ምናልባት ጊዜ ሲያልፍ ሁሉም ነገር ይበርድና እሳቸውም ይረሱታል። ለጊዜው ግን ከእሳቸው ጋር ባትጋጪ ጥሩ ነው፤ እኛን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ወደ እኛ እንዳልጠራሽ ያለችን ሁለት ክፍል ብቻ ናት። ለጉልበትሽ የሚሆን ቅባት ልኬያለሁ። ማታ ማታ አሙቂውና እሺበት።

ናርሃሪ


ዋይ፣ ኦገስት 14 ቀን 1964

ናርሃሪ፣

ቅባቱ ደርሶኛል። ጉልበቴን አሸሁት፤ ይሸታል እንጂ ደህና ነው።

አልሸሹም ዞር አሉ ይባላል። ደብዳቤህ ልክ እንደዚያ ነው። ቁራ ወፍ ነው ብለህ ትጀምርና በዚያው ደብዳቤ ካካን አትንኪ ትለኛለህ። አንተን መሐንዲስ ሲያደርግ የአባታችን መልእክተኛ የነበረ፣ እኔን ሲያስር ጊዜ ርቦት ነው? አንዱን ምረጥ።

እዚህ ያለውን ልንገርህ። በጠዋት ተነሥቼ እታጠባለሁ፣ አበባ እለቅማለሁ፣ ዐሥራ አንዱን የአማልክት ምስሎች አንድ በአንድ አጥቤ አድርቄ ሰንደል ቀብቼ ወደ ቦታቸው እመልሳለሁ። ካካ ከበስተኋላዬ ቆመው "ትንሹን ጋኔሽ በደንብ ጥረጊው" ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ለሽሪዳር ልጅ እጮኛ ቤተሰቦች ስድሳ ሰው የሚበላውን ምግብ ሠራሁ። እንግዶቹ ሲመጡ የሽሪዳር ሚስት በቀስታ ጠጋ ብላ "ዛሬ እንኳ ከኋላ ብትቆዪ… ለልጅቷ ዕድል ብለን ነው" አለችኝ። የሠራሁትን ይበላሉ፣ ባሏ የሞተባት ናት ብለው ፊቴን ግን ይፈሩታል። ክፉ ሴት አይደለችም። እሷም ያስተማሯትን ነው የምትለው። እኔም ልጅ ሆኜ ባሌ የሞተው ባለፈው ሕይወቴ በሠራሁት ኃጢአት ነው ሲሉኝ አምኜ፣ ያ ኃጢአት ምን ይሆን እያልኩ ስፈልግ ኖሬያለሁ። አሁን መፈለጉም ደከመኝ።

ካህኑን ለብቻው አግኝቼ ጠየቅሁት። "ቃሉን የሚፈታ ሰው አለ?" አልኩት። ጺሙን አሽቶ አሽቶ "ወንድ ልጇ ካለ እሱ ነው። እሱ መጥቶ የእናቴ ምኞት ይህ አልነበረም ካለ፣ የልጅ ቃል ከባል ወንድም ቃል ይቀድማል" አለኝ። እንግዲህ የአባቶች ሁለት ሳምንት ከዳሴራ በፊት ነው፤ ሁሉም ሰው ለሙታኑ ቤቱ ይገባል። መጥተህ ይህን ለካካ ንገራቸው። ከዚህ ቀደም ምንም ለምኜህ አላውቅም። ወይስ የምትፈራው ነገር አለ? ደብዳቤዎችህ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያወልቅ፣ ግን የማይገባ ሰው ይመስሉኛል።

ጎዳቫሪ


ካራግፑር፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1964

ታይ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አሁን ሳላስብ እጽፈዋለሁ።

ፈቃድ አልተከለከልኩም። የዐሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ ሰጥተውኝ ነበር። መኝታዬን ጠቅልዬ ጣቢያ ድረስ ሄጃለሁ። ባቡሩ መጣ፣ ሰው ተሳፈረ፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ወደ ቤት ተመልሼ ለማላቲም ፈቃዱ ተሰረዘ አልኳት። የፈራሁት ቁራውን ነው። የአርባ ዓመት ሰው፣ ድልድይ የሚሠራ ሰው፣ ቁራ ፈርቼ ቀረሁ። ምክንያቱም እማዬ ምን እንደምትፈልግ አውቅ ነበር። ወንዙ ዳር ብቆም፣ ቁራዎቹ አልወርድ ሲሉ፣ የሚያወርዳቸው ቃል እኔ አፍ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። በካካ ፊት ብናገረው ደግሞ ታሰርኩ ማለት ነው፤ መፈጸም ሊኖርብኝ ነው።

በማርች ወር ከእማዬ ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር። የፖስታው ሰው ነው የጻፈላት። አብሬ ልኬዋለሁ። አንብቢው።

"ልጄ ናርሃሪ፣ የሚጽፍልኝ የፖስታው ሰው ነው፤ እሱም ሥራ ስላለው አላረዝምም። ሆዴ አብጧል። እስከ ዝናቡ አልደርስም። ለእኔ አትዘን፤ ጎዱን ግን ከዚህ ቤት አውጣት። ባሏ የሞተ ጊዜ ካካህ ጸጉሯን ሊያስላጭ ምላጭ የያዘ ሰው ይዞ መጣ። በሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ቀን አልተነሣሁም። ሰውየው ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከፑኔ ሰዎች መጥተው ልጅቷን እናስተምራት ሲሉ እንቢ ያልኩት ካካህ አይደለም፣ እኔ ነኝ። አንተ ለትምህርት ልትሄድ ነበር። ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። እሷ ይህን አታውቅም። ክፉ የምናገራትም ፊቷን ባየሁ ቁጥር ይህ ስለሚታወሰኝ ነው። ልነግራት ስል አፌ እንቢ ይለኛል። አንተ ንገራት፣ ለካካህም ንገረው። አማልክቱን እሱ ይጠባቸው፣ እጅ አለው። እናትህ።"

አንቺን አምጥቼ የት አኖርሻለሁ አልኩ። ካካን ምን ብዬ እጋፈጣቸዋለሁ አልኩ። ነገ እመልሳለሁ፣ ነገ እመልሳለሁ እያልኩ ቴሌግራሙ መጣ። ከራስ በላይ ነፋስ ማለት ይኸው ነው። በማላቲ አታሳብቢ፤ ደብዳቤውን አላየችውም።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እንዴት ብዬ? ግን በይኝ።

ናርሃሪ


ፑኔ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1964

ናርሃሪ፣

አድራሻዬን ከላይ አይተሃል። ከዳሴራ ሁለት ቀን በፊት ደርሻለሁ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ መስኮቷ ወጥ ቤቱን ነው የምታየው። አናሱያ አርጅታለች፣ እኔንም አየችና "ኧረ አንቺም!" አለችኝ። መቶ ዐሥር ሴት ልጆች ይበላሉ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ወገቤ ላይ አስሬዋለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አላለቀስኩም። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ፖስታው ሰው ነው። "አንተ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር?" ስለው ብስክሌቱን ይዞ መሬት መሬት እያየ "እመቤቴ፣ የማደርሰውን አላነብም፤ የምጽፈውን እረሳለሁ። አለዚያ በዚህ ከተማ እንዴት ይኖራል?" አለኝ። ከሁላችሁም እሱ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ደመወዝተኛ ነው።

አንተን ጠበቅሁህ። የአባቶቹ ሳምንታት ገቡ፤ ሁሉም ቤት እንግዳ ሞላ። አልመጣህም። ስለዚህ ራሴ አነበብኩላቸው። ካካ ከምሳ በኋላ ቤት ውስጥ ባለው ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጠው ቅጠላቸውን እያኘኩ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ምላጩ ጋ ስደርስ ማኘካቸውን አቆሙ።

"ይህ የተጻፈው መቼ ነው?" አሉ።

"በማርች።"

"እንግዲያው ከመሞቷ በፊት ነው። ቁራው የነካው ከሞተች በኋላ ነው። ሰው ሲሞት ሐሳቡን ይቀይራል።"

"ካካ፣ ሲሞት ነው ሐሳብ የሚቀየረው?"

"አዎ! ብዙ ነገር ይታየዋል። አንቺ ብትወጪ የምትንከራተተው እናትሽ ናት። የሰጠነውን ቃል ልታፈርሺው ነው?"

ያኔ ነው ናርሃሪ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ተጠራቅሞ አፌ ላይ የመጣው። ድምፄን ግን አላነሣሁም፤ ማንሻ ጉልበትም አልነበረኝም። "ካካ፣ እኔ ወንዙ ዳር አልነበርኩም። ሴት ናት ተብዬ ቤት ቀረሁ። ቃል የሰጡት እርስዎ ነዎት። ቁራው የሰማው የእርስዎን ድምፅ ነው። የናርሃሪን ትምህርት ቃል ገብተው ራስዎ ፈጸሙት፤ ጎረቤት ክፈልልኝ አላሉም። ይህንንም ራስዎ ይፈጽሙት። የሚፈለገው መብራቱ እንዳይጠፋ ነው፤ የጎዱ እጅ ያብራው ብላ እማዬ አልጻፈችም። የጻፈችውማ ይኸው" አልኳቸው።

ዥዋዥዌው ቆመ። ከዚያ "ጸጉርሽን ያን ጊዜ ማስላጨት ነበረብኝ" አሉ። "ሳይሆን ቀረ" አልኳቸው። እንዲያው የሚገርምህ፣ ሁለታችንም ልንስቅ ምንም አልቀረንም ነበር።

ሽሪዳር እንደጻፈልኝ አሁን ካካ በሰባ አንድ ዓመታቸው ንጋት ላይ ተነሥተው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው፣ እያስነጠሱ አማልክቱን ያጥባሉ። ለማንም አይሰጡም። የሽሪዳር ሚስት ላግዝዎት ብትላቸው "ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ" ብለው ተቆጧት። እንግዲህ ሰው ናቸው፤ ክፉም ደግም አላቸው።

ቁራው ለምን በእሳቸው ቃል እንደወረደ እስከ አሁን አላውቅም። ርቦት ይሆናል። ወይም እማዬ በመጨረሻም፣ ያንን ሁሉ አጽፋ እንኳ፣ ብቻዋን መሄድ ፈርታ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው አንዳንድ ቀን ይይዘኝና እቃ ሳጥብ እጄ ይቆማል። የጠላችኝ መስሎኝ ነበር የኖርኩት፤ ለካ ባደረገችብኝ አፍራ ነው። እውነት መንገድ ላይ ቆማ የምትጠብቀኝ ከሆነ አዝንላታለሁ፣ እናቴ ናት። ግን እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቄያታለሁ። አሁን ትንሽ እሷ ትጠብቀኝ።

ሽሪዳር ከዋይ ካስተላለፈልኝ አዲሱ ደብዳቤህ ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። የመጀመሪያው፣ ካካ ረግመውሽ ይሆን ላልከው፣ አልረገሙኝም። አውቶቡስ ስሳፈር ሽሪዳርን ልከው ሻንጣዬን አስይዘውልኛል።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። ከዲዋሊ በዓል በኋላ፣ እህት በወንድሟ ፊት መብራት አዙራ በምትባርክበት የወንድሞች ቀን ልምጣ ወይ ብለሃል። አንተ ሳትመጣ በቆየህባቸው ዐሥራ አንድ ዓመታት፣ ወንድሟ እንደራቀባት ሴት ሁሉ፣ በዚያ ቀን መብራቴን ሳሕን ላይ አድርጌ ለጨረቃ ሳዞር ነው የኖርኩት። ጨረቃ ደግሞ ደብዳቤ አይደብቅም። ማዘኔን ላብራራልህ አልችልም፤ እማዬ እንኳ ፈርታ ነው ያጠፋችው፣ አንተ ግን የእሷን ፍርሃት ኪስህ ውስጥ ይዘህ ለእኔ የጉልበት ቅባት ትልክልኛለህ።

ቢሆንም ና። ስጦታ አታምጣ። ማላቲንም አምጣት፣ አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም። እንደ ደንቡ ዝቅ ያለችው የእንጨት መቀመጫ ላይ ትቀመጣለህ፣ እኔም መብራቱን ይዤ ፊትህ እቆማለሁ። ላዞርልህ እችል እንደሆነ ግን አሁን አልነግርህም። ያን ቀን እጄን ጠይቄ የሚለኝን እናያለን።

እህትህ ጎዳቫሪ